ከሦስቱ የመጀመሪያው ማን ነበር?

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፤ በጅማ ሂርማታ አካባቢ ቅርጫት ኳስ የምንጫወት ጓደኛሞች ነን። በቀደም ቡና እየጠጣን የኤንቢኤ (የአሜሪካው ዋና የቅርጫት ኳስ ሊግ) የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ናት ክሊፍተን ነው ብል አንደኛው ሎይድ ነው፣ ሌላው ኩፐር ነው አሉኝ፤ ሦስተኛው ጭራሽ ክሊፍተን የቤዝቦል ሰው ነው አለ። ማናችን ነን ትክክል?
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ

መልስ፦ የሚገርመው ሁላችሁም ትክክል ናችሁ። በ1950 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚወስዱበት ዓመታዊ ምርጫ ቀድሞ የተመረጠው ጥቁር ቸክ ኩፐር፣ በጨዋታ ቀድሞ የተሰለፈው ኧርል ሎይድ ሲሆኑ፣ ክሊፍተን ደግሞ ውል ፈርመው ለመጫወት ከበቁት ጥቁሮች ቀዳሚው ነው።

በ1922 በአርካንሳስ ተወልዶ ቺካጎ ያደገው ክሊፍተን፣ ለስላሳ መጠጥ ስለሚወድ «ስዊትዋተር» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኒውዮርክ ሬንስና በትርኢታዊ ጨዋታው የሚታወቀው ሃርለም ግሎብትሮተርስ በተባሉት የጥቁሮች ቡድኖች ተጫወተ። የቅርጫት ኳስ ወቅት ክረምታቸው፣ የቤዝቦሉ ደግሞ በጋቸው በመሆኑ ከሁለቱም የሚከፈለውን አጣምሮ መኖር ለጥቁር ባለሙያ ተጫዋች እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ክሊፍተንም በ1949 እና በ1950 በቤዝቦሉ ክለብ በክሊቭላንድ ኢንዲያንስ ሥር በነበሩ አነስተኛ ቡድኖች በፈርስት ቤዝ (የመጀመሪያውን ማረፊያ በሚጠብቀው ተጫዋች) ቦታ ተሰልፏል። የቤዝቦል ዋናው ሊግ በሩን ለጥቁሩ ተጫዋች ለጃኪ ሮቢንሰን የከፈተው በ1947 ነው፤ ሮቢንሰን ራሱ በዩኒቨርሲቲ ሳለ ጎበዝ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እንደነበር ስናስታውስ ኤንቢኤ ተጨማሪ ሦስት ዓመት መጠበቁ ያስተዛዝባል።

ኒውዮርክ ኒክስ ውሉን ከግሎብትሮተርስ ገዝቶ ሲያሰልፈው ዕድሜው 28 ደርሶ ነበር። ኳስን በአንድ መዳፉ ጨብጦ ተመልካች ሲያስቅ የኖረውን ሰው ክለቡ የፈለገው ሪባውንድ (ቅርጫት ስቶ የተመለሰ ኳስ) እንዲለቅምና የተጋጣሚን ግዙፍ ተጫዋቾች እንዲይዝ ነው። ኒክስ ከ1951 እስከ 1953 በተከታታይ ለፍጻሜ ቀርቦ ሦስቱንም ተሸንፏል። ክሊፍተን ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠው በ1957፣ በ34 ዓመቱ ነው። በጨዋታ በአማካይ 10 ነጥብና 8.2 ሪባውንድ የሚለው አኃዙ ጉልበቱ ትኩስ የነበረባቸውን ዓመታት ስለማይጨምር፣ በእኛ አስተያየት ችሎታውን አሳንሶ ያሳያል።

በ1958 ከኤንቢኤ ሲወጣ፣ በዚያው በጋ ከቀድሞው የግሎብትሮተርስ ጓደኛው ከጉስ ታተም ጋር ተመልሶ በጥቁሮች ሊግ ቤዝቦል ተጫወተ፤ ይህን ለሦስተኛው ጓደኛዎ ይንገሩልን። ኋላ በቺካጎ ታክሲ እየነዳ ኖሮ በ1990 አርፏል፤ የቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ስሙን ያሰፈረው በ2014 ነው።