የብርጭቆ ወረቀቱን ወዲያ በይው

እህቴ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከኢስቴት ሴል (የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ) ገዛሁት ያልሽውን የማሆጋኒ የጽሕፈት ጠረጴዛ ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ክዳኑ ተዳፋት ሆኖ ወደ ፊት የሚከፈተው ዓይነት ነው። «ፊቱ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል፤ ልጬ አዲስ ቫርኒሽ ልቀባው?» ብለሻል። በፍጹም እንዳታደርጊው!

የድሮ ዕቃ ጥገና ስጀምር እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ሙልጭ አድርጌ ልጬ እንደ መስታወት አብረቀረቅኩት። ባለቤቱ በጣም ተደሰተ። በኋላ ሊሸጠው ሲያስገምተው ግን የጥንቱ ቀለም ስለሌለ ዋጋው ወርዶ ጠበቀው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያ ጥቁረት የስንት ዘመን ፀሐይ፣ ሰምና የእጅ ወዝ ነው። አንዴ ከተላጠ አይመለስም።

መጀመሪያ ዕድሜውን እንወቅ። መሳቢያውን አውጪና ማዕዘኑን በባትሪ እዪው። እንጨቶቹ ጥርስ በጥርስ ተያይዘዋል። ጥርሶቹ እኩል ካልሆኑ፣ የአናጺው የመስመር ጭረትም ካለ፣ የእጅ ሥራ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ማሽን ነው፤ ያ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1860ዎቹ ወዲህ ያደርገዋል። ከ1876ቱ የፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን (የአሜሪካ መቶኛ ዓመት በዓል) በኋላ የጥንቱን ሞዴል እየገለበጡ ብዙ ስለሠሩ ቅርጹ ብቻውን አያሳምንሽ።

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው የውስጡን እንጨት ነው። ማሆጋኒ ከካሪቢያንና ከመካከለኛው አሜሪካ በመርከብ የሚመጣ ውድ እንጨት ነበር። ስለዚህ ለሚታየው ክፍል ብቻ ያውሉትና ለመሳቢያው ጎንና ታች የአካባቢያቸውን እንጨት ይጠቀሙ ነበር። ኒው ኢንግላንድ (የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ) ነጭ ፓይን፣ ፊላደልፊያ አካባቢ ደግሞ ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ቱሊፕ ፖፕላር። የት አገር እንደተሠራ የሚነግርሽ እሱ ነው። የመሳቢያው ታች ላይ ቀስት የመሰለ የክብ መጋዝ ጭረት ካለ ደግሞ እንጨቱ የተሰነጠቀው ከ1830 ገደማ ወዲህ ነው።

መሰነጣጠቁ አያስደንግጥሽ። ሼላክ፣ ማለት ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራው የድሮ ቫርኒሽ፣ ሲያረጅ እንዲህ ይሆናል። ማረጋገጥ ከፈለግሽ በማይታይ ቦታ በጥጥ ትንሽ አልኮል ንኪው፤ ቶሎ ከተጣበቀ ሼላክ ነው። ሼላክ ሳይላጥ ሊታደስ ይችላል፤ እሱን ግን ለባለሙያ ተይው። አንቺ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጊው፣ ወዲያው አድርቂው፣ ከዚያ ስስ ሰም ቀቢው። ሲሊኮን ያለበት ስፕሬይ አታስጠጊው።

ክዳኑን ከመክፈትሽ በፊት በግራና በቀኝ ያሉትን ተስበው የሚወጡ ድጋፎች አውጪ። በፎቶው ማጠፊያው ጋ የተገነጠለ እንጨት አያለሁ፤ ድጋፍ ሳይወጣ ሲከፈት የሚመጣ ጉዳት ነው። በነጭ ኮላ እንዳትለጥፊው። የጥንቱ ኮላ ከእንስሳ ቆዳ የሚሠራ ስለሆነ በሙቅ ውሃ ይለቃል፤ ነጩ ግን ለሚቀጥለው ጠጋኝ መከራ ነው። ከማሞቂያም አርቂው፤ የክረምቱ ደረቅ አየር ጎኑን ይሰነጥቀዋል።

የመሳቢያውን ማዕዘንና ታቹን በቀን ብርሃን አንስተሽ ላኪልኝ፤ አይቼ የመሰለኝን እነግርሻለሁ።