አታስፈርዱት፤ አሟግቱት

ለሰሜን ሸዋ ወጣት የግብርና ባለሙያዎች

ልጆቼ፣ የሥራ ዕቅዳችሁን ስትልኩልኝ «ቻትጂፒቲም ጥሩ ነው ብሎታል» የምትሉትን ነገር ተዉልኝ። የእርሱ ሙገሳ ምስክር አይሆንም። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች ከሚሠለጥኑባቸው መንገዶች አንዱ ሰዎች የትኛውን መልስ እንደሚወዱ በማየት ነው፤ ሰው ደግሞ የሚያሞግሰውን ይወዳል። የቻትጂፒቲ ሠሪ የሆነው ኦፕንኤአይ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ከሞዴሎቹ የአንዱን ማሻሻያ ተጠቃሚን ከልክ በላይ የሚያቆለጳጵስ ሆኖ ስላገኘው ወደ ቀድሞው መልሶታል።

እንግዲያው እንደ ዳኛ ሳይሆን «በልሃ ልበልሃ» እንደሚል ባላጋራ ፊታችሁ አቁሙት። መንዝ ላይ የተሻሻለ የገብስ ዘር ለማስፋፋት ዕቅድ ጻፋችሁ እንበል። «እንዴት አየኸው?» አትበሉት። «መሐል ሜዳ አጠገብ የምትኖር፣ በጎች ያሉህ ገበሬ ነህ። ይህን ዘር የማትቀበልበትን ምክንያት ሁሉ ተናገር፤ ከዕቅዴ የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደምትሞግትም አሳየኝ» በሉት። ያን ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። ፍሬው ቢበዛም አገዳው ካጠረ በጎቹ ምን ይበላሉ? በልጉ ቢቀርስ? ሰብሉ ሳይደርስ ውርጭ ቢመታውስ? በጥቁር አፈሩ ላይ ውኃ ቢተኛበትስ? እኔ ወጣት ሳለሁ እንዲህ አድርጎ የሚያፋጥጠኝ ሰው ብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ። እናንተ በፈለጋችሁት ሰዓት ታገኙታላችሁ፤ ለሙገሳ ብቻ ስታውሉት ሳይ ያሳዝነኛል።

ለእያንዳንዱ ተቃውሞ መልሱን ራሳችሁ ጻፉ። መልሱንም ከእርሱ ከለመናችሁ ሙግቱ የእርሱና የእርሱ ይሆናል፤ እናንተ ታዛቢ ሆናችሁ ትቀራላችሁ።

ያለውን ሁሉ ግን አትመኑ። ተቃወም ስትሉት ደኅናውንም ይቃወማል፤ ታዝዟልና። የሌለ ጥናት ከነጸሐፊውና ከነዓመቱ ሊጠራላችሁ ይችላል፤ ስለዚህ ጽሑፉን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ሳታነቡ አንድም ዋቢ አታስገቡ። የመንዝን ውርጭም በጽሑፍ እንጂ በቆዳው አያውቀውም። ስለዚህ የከበዷችሁን ጥያቄዎች ይዛችሁ ወደ ገበሬው ሂዱ፤ በተለይ ሴቶቹን ጠይቁ፤ ገብሱን ቆልተውና ፈጭተው የሚያዩት እነርሱ ናቸውና ከቆሎው እስከ በሶው የትኛው ዘር እንደሚሆን ይነግሯችኋል። ይህን ከማሽኑ አልጠብቅም።

በሚቀጥለው ስትልኩልኝ የከበዷችሁን ተቃውሞዎች፣ መልሳችሁንና ገበሬዎቹ ያሏችሁን ከዕቅዱ ጋር አያይዙ። መልስ ያላገኛችሁለት ካለም እንዳለ አስቀምጡት፤ ንባቤን የምጀምረው ከእርሱ ነው።