«ላይ» ሁሉ «ኦን» አይደለም

የእንግሊዝኛ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች በሦስት ትንንሽ ቃላት ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው፦ «ኢን»፣ «ኦን» እና «አት»። የተመረጡትን እነሆ።

ከደብረ ማርቆስ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፦ «ወፏ ዛፍ ላይ ናት» ለማለት «ኦን ዘ ትሪ» ብዬ ብጽፍ መምህሬ «ኢን» ብለው አረሙት። ወፍ እንዴት ዛፍ ውስጥ ትሆናለች?

ጥሩ ጠየቅህ፤ የብዙዎቻችን ስሕተት የሚነሣው ከዚሁ ነውና። የእኛ «ላይ» ሆደ ሰፊ ቃል ነው። ወፍ ዛፍ ላይ፣ ደመና ሰማይ ላይ፣ ሰው ፎቶ ላይ፣ ወሬ ጋዜጣ ላይ፣ በርበሬ ፀሐይ ላይ እንላለን። እንግሊዝኛ አምስቱንም «ኢን» ይላቸዋል። «ኦን» የሚፈልገው የሚነካ ገጽ ነው፤ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ፣ ሥዕል ግድግዳ ላይ፣ ዝንብ ኮርኒስ ላይ። ዛፉን ግን የሚያየው ቅርንጫፍና ቅጠል ዙሪያውን የከበበው ስፍራ አድርጎ ነው። እስኪ ትልቅ ዋርካ ሥር ቆመህ ቀና በል። የወፏን ድምፅ ትሰማለህ፣ እሷን ግን ቅጠሉ ውጧታል። «ኢን» ማለት ያ ነው። የተቀመጠችበትን አንዱን ቅርንጫፍ ብቻ ካነሣህ ግን «ኦን ኤ ብራንች» ትላለህ። ፍሬም ከዛፉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ «ኦን ዘ ትሪ» ነው። ስለዚህ «ላይ»ን አይተህ ወደ «ኦን» አትሩጥ፤ መጀመሪያ ነገሩ ገጽ ነው ወይስ የሚከብብ ስፍራ ብለህ ጠይቅ።

ከባሕር ዳር፣ አስጎብኚ፦ «ባሕር ዳር ኢዝ ኦን ሌክ ታና» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ከተማው ሐይቁ ላይ አልተንሳፈፈ!

ጽሑፉ ትክክል ነው፣ ወንድሜ። «ኦን» ከገጽ ሌላ መስመርንም ይይዛል። የሐይቅ ዳር፣ የወንዝ ዳር፣ ድንበርና መንገድ በእንግሊዝኛ ዓይን መስመሮች ናቸው፤ መስመሩን የነካ ከተማ «ኦን» ይባላል። ደብረ ማርቆስም ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ «ኦን» ናት። ለእንግዶችዎ ሲያስረዱ ዓሣው «ኢን ዘ ሌክ»፣ ጀልባው «ኦን ዘ ሌክ» ነው። ደቅ ደሴት ስለሆነች «ኦን» ትወስዳለች። ዜጌን በስሟ ብቻ ከጠሩ «ኢን ዜጌ»፣ ልሳነ ምድር መሆኗን ጨምረው ከጠሩ ግን «ኦን ዘ ዜጌ ፔኒንሱላ» ይበሉ። እዚህ ላይ ብዙ አስጎብኚዎች ሲሳሳቱ ሰምቻለሁና ልብ ይበሉት።

ከእንጅባራ፦ አውቶቡስ «ኦን»፣ ባጃጅ «ኢን» የሚሆነው ለምንድን ነው?

ቆመው ሊራመዱበት በሚችሉት «ኦን»፣ ጎንበስ ብለው ገብተው በሚቀመጡበት «ኢን»። አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላንና ትልቅ ጀልባ በመጀመሪያው ይሄዳሉ፤ ባጃጅ፣ ታክሲ፣ የቤት መኪናና ታንኳ በሁለተኛው። እግር አንፈራጥጠው የሚቀመጡበት ሁሉ ደግሞ «ኦን» ነው፤ ብስክሌት፣ ሞተር፣ በቅሎ። በየዓመቱ ጥር 23 ከተማችሁን የሚያደምቁት የአገው ፈረሰኞችም «ኦን ሆርስባክ» ናቸው።

ከሞጣ፣ እናት፦ ልጄ ቤተ ክርስቲያን መሄዷን ስትጽፍ አንዴ «አት ቸርች»፣ አንዴ «ኢን ዘ ቸርች» ትላለች። የቱ ነው ልክ?

ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እናቴ፤ ትርጉማቸው ግን ይለያያል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ለማስቀደስ ሄደው ግቢው ውስጥ፣ ከጽድ ሥር፣ ነጠላዎን አጣፍተው ቆመዋል እንበል። «አት ቸርች» ነዎት፤ ለጸሎት የሄዱበት ቦታ ነውና። «ኢን ዘ ቸርች» የሚባሉት በሩን አልፈው ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ሲገቡ ነው። «አት» የሄዱበትን ጉዳይ ይናገራል፤ «ኢን» ግድግዳውንና ጣሪያውን። ልጅዎ ሁለቱን መለየት ከጀመረች ጎበዝ ናት።

ከፍኖተ ሰላም፦ የታመመች እኅቴን ላስታምም ሄጄ ለአለቃዬ «አይ አም ኢን ሆስፒታል» ብዬ ጻፍኩ። ደንግጦ ደወለልኝ።

መደንገጡ አይፈረድበትም። ያ አባባል ተኝቶ መታከም ማለት ነው፤ አሜሪካኖች መሐሉ ላይ «ዘ» ይጨምሩበታል እንጂ ትርጉሙ ያው ነው። ለጥየቃ፣ ለማስታመም ወይም ለሥራ የሄደ ሰው «አት ዘ ሆስፒታል» ይላል። እኅትዎን እግዚአብሔር ይማርልን።

ከቡሬ፦ «አራይቭ ቱ ቡሬ» ስሕተት ነው አሉኝ።

ስሕተት ነው። «አራይቭ» ከ«ቱ» ጋር አይሄድም። ለከተማና ለአገር «ኢን»፣ ለመናኸሪያ፣ ለትምህርት ቤትና ለሆቴል «አት» ይበሉ። ቤት ሲደርሱ ግን ምንም አይጨምሩ፤ «አራይቭ ሆም» ብቻ። ከተማም ቢሆን «አት» የሚወስድበት ጊዜ አለ። እርስዎ የሚኖሩት «ኢን ቡሬ» ነው፤ ሰፈር አለዎት፣ ጎረቤት አለዎት፣ ከተማው ይከብብዎታል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር ለሚያልፍ ተሳፋሪ ግን ቡሬ ሻይ የሚጠጣባት አንዲት ነጥብ ናት፤ አውቶቡሱ ለእሱ የሚቆመው «አት ቡሬ» ነው።