ስለ ብርዱ፣ ስለ ቅቤውና ስለ አያቶቹ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ላላያችሁት ባጭሩ ልበለው። እህታችን አዲስ ምሩቅ ሚድዋይፍ ናት። የተመደበችው ጮቄ ተራራ ሥር ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ልጆቹ ደህና ተወልደው፣ አልቅሰው፣ ጡት ይዘው ይወጣሉ። በሦስተኛው ቀን ግን እግራቸው በረዶ ሆኖ፣ መጥባት አቅቷቸው ይመለሳሉ። ስትጠይቅ ቤት እንደደረሱ ታጥበዋል፣ ቅቤ ልሰዋል፣ እንገሩም ታልቦ ተደፍቷል። ትናንት ደግሞ 2.1 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ቤተሰቡ አስቸኩሎ ይዞት ሄደ። ማሞቂያ የለም፣ መብራትም በየጊዜው ይጠፋል። አያቶቹን ብናገር አይሰሙኝም፣ ምን ላድርግ ነው የምትለው።

መጀመሪያ ስለዚያ ልጅ። ይህን መልስ አንብበሽ ሳትጨርሺ ለቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ደውዪ። ዛሬውኑ ቤቱ ትድረስ፤ ከቻልሽ አብረሻት ሂጂ። ቴርሞሜትር ያዙ። ብብቱ ሥር ስትለኩት ከ36.5 እስከ 37.5 ከሆነና ደህና ከጠባ እሰየው፤ ያኔም ቢሆን ኪሎው ትንሽ ነውና እናቱ ደረት ውስጥ ገብቶ መዋል አለበት። ከ36.5 ካነሰ እዚያው ልብሱን አውልቃችሁ እናቱ ገላ ላይ አድርጉትና ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ከ35.5 በታች ከሆነ፣ ካተኮሰው፣ አልጠባም ካለ፣ ትንፋሹ በደቂቃ 60 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ቀስቅሳችሁት እንኳ እንደ ነገሩ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ነገ ጠዋት የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

እኔም የምሠራው ምሥራቅ ጎጃም ደጋው ላይ ነው። ያደግሁትም እዚሁ ነው። ትምህርቱ እንዳለሽ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል፤ ማድረቅ፣ ገላ ለገላ ማድረግ፣ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ጡት ማስያዝ፣ እስከ 24 ሰዓት አለማጠብ፣ ይህን ሁሉ ታውቂዋለሽ። የጎደለው ሌላ ነው። ይህን ሁሉ የምትነግሪው ለወላዷ ነው። ወላዷ ደግሞ ቤት ከገባች በኋላ ስለ ልጁ የምትወስነው ነገር የለም። የምትወስነው እናቷ ናት፣ ወይም አማቷ። አራሷ ተኝታ ገንፎዋን እየበላች ልጁን የሚይዙት፣ የሚያጥቡት፣ የሚያልሱት እሳቸው ናቸው። ምክርሽን ያልሰማ ሰው ምክርሽን እንዴት ይተግብረው?

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከምጥ በፊት ነው። በክትትል ጊዜ ከደም ግፊቱና ከክብደቱ ጋር አብረሽ አንድ ነገር ጠይቂ፦ «ስትወልጂ ማን ነው የሚያርስሽ?» የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ ብዙ ጊዜ እናቷ ቤት ነው የምትታረሰው፤ ከዚያ በኋላ አማት ናት ወይ የባል እህት። ስሟን ካርዱ ላይ ጻፊው። በሚቀጥለው ቀጠሮ አብራት እንድትመጣ ንገሪያት። እምቢ የሚሉ አሉ፤ የገበያ ቀን ላይ ቀጠሮ ከያዝሽላቸው ግን ከተማ መውጣታቸው አይቀርምና ብዙዎቹ ጎራ ይላሉ። የነፍሰ ጡር እናቶች ጉባኤ ሲኖርም አያቶችን አስጠሪ። ቡናው ከተፈላ ይመጣሉ።

ሲመጡ ግን ማስተማር አትጀምሪ። መጀመሪያ ጠይቂያቸው። «እማማ፣ እርስዎ ስንት ወልደው አሳደጉ? ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? ለምን?» በያቸው። ምክንያት የሌለው ልማድ የለም። ቅቤ የሚያልሱት አንጀቱ እንዲለሰልስ፣ ሆዱ እንዲጸዳ ነው። እንገሩን የሚደፉት ወፍራምና ቢጫ ስለሆነ፣ ሆድ ያማል ብለው ነው። የሚያጥቡት ያ ነጭ ቅባት ቆሻሻ ስለሚመስላቸው ነው፤ ሳይታጠብ የቀረ ልጅ ሲያድግ ይሸታል የሚሉም አሉ። ክፋት የለበትም። ልጁን ወደውት ነው። ይህን አንቺ ካልተቀበልሽ ከአፍሽ የሚወጣው ሁሉ ስድብ ሆኖ ነው የሚሰማቸው።

ከዚያ በራሳቸው ምክንያት ግቢላቸው። ሆዱ እንዲጸዳ ነው የሚፈልጉት? እንገር ራሱ ያንን ጥቁር የመጀመሪያ ሰገራ ቶሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ቅቤው ግን ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ጀርምም ይዞበት ይገባል፣ ደግሞም ልጁ አፉን ከሞላ ጡት አይፈልግም። ስለ እንገር ስታወሪ የከብቱን ነገር አንሺ። ጥጃ እንገር ሳይጠባ ከዋለ እንደሚደክም ጎጃም ውስጥ ለገበሬ የሚያስተምር ሰው አያስፈልግም፤ «ለጥጃው የማንነሳውን ለልጃችን እንዴት እንነሳዋለን?» ስትያቸው ይስቃሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው ያስባሉ። ብዛቱም ያሳስባቸዋል፤ «ጡቷ ባዶ ነው» ይላሉ። የመጀመሪያ ቀን ልጅ በአንድ ጊዜ የሚፈልገው የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ይህን ማንኪያውን ይዘሽ አሳያቸው። ወተቱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሲወርድ ራሳቸው ያዩታል፤ የሚወርደው ግን ልጁ ከጠባ ነው፣ በቀን ከስምንት ጊዜ በላይ።

ስለ መታጠቡ ደግሞ ከእኛ በላይ ብርድ የሚፈሩት እነሱ ናቸው። አራስን ነፋስ እንዳይነካት፣ ምች እንዳይመታት በር የሚዘጉ ሰዎች ናቸው። ያንኑ ፍርሃት ለልጁ አድርጊላቸው። ልጅ ሲወለድ እርጥብ ነው፤ ገላው ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ነው፤ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል። ሲበርደው ራሱን ለማሞቅ ያለችውን ስኳር ያቃጥላል። ስኳሩ ሲያልቅ ይደክማል፣ ሲደክም አይጠባም፣ ካልጠባ ደግሞ የባሰ ይበርደዋል። በጣም የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ዝም ሲል ቤተሰቡ «ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም» ብሎ ደስ ይለዋል። ዝም ያለው ስለበረደው ነው! ለአያቶች ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታስተምሪ ይበቃሻል፤ እግሩን በእጅሽ ጀርባ ዳሺው፣ ከዚያ ሆዱን ዳሺው። እግሩ ብቻ ከቀዘቀዘ ብርድ ጀምሮታል፣ ቶሎ ደረት ላይ። ሆዱም ከቀዘቀዘ ወደ እኛ አምጡት። ይህን ማንበብ የማይችሉ እናቶች በደንብ ያውቁታል፣ ለጎረቤትም ያስተምራሉ።

ያን ነጭ ቅባት ደግሞ ገላውን የሚጠብቅ ነው በያቸውና በደረቅ ጨርቅ ደሙን ብቻ ጥረጊ። 24 ሰዓት ሲሞላ ከፈለጉ ያጥቡት፤ በሞቀ ክፍል፣ በለብታ ውሃ፣ ፈጠን ብለው፣ ወዲያው አድርቀው። ትንሹን ልጅ ግን በደንብ እስኪጠነክር በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። እሳት ዳር ማስቀመጥ የለም። ጭሱ ሳንባውን ይጎዳዋል፣ የተቃጠለ ልጅም አይተናል።

የማይጎዳውን ተይላቸው። ይህን አጥብቄ እነግርሻለሁ። በምጥ ጊዜ ማርያም ማርያም ይበሉ። አራሷ አጠገብ ብረት ያስቀምጡ፣ ልጁን እንዳይነካው ብቻ እዪ። ገንፎውን እዚያው ጤና ጣቢያ ያገንፉ፣ ቡናውንም ያፍሉ። የንስሐ አባታቸውም መጥተው ጠበል ይርጩ፤ እንዲያውም ከቄሱ ጋር ከተግባባሽ አንድ ቃላቸው ከእኔና ከአንቺ አሥር ምክር ይበልጣል። አሥር ነገር ከከለከልሽ አሥሩንም ይጥሱታል። ሦስት ነገር ላይ ግን ንቅንቅ አትበይ፦ ቅቤ አይልስም፣ እንገር አይደፋም፣ ዛሬ አይታጠብም። እትብቱ ላይ ቅቤም እበትም አይደረግም የሚለውን አራተኛ አድርጊው። የሴት ልጅ ግርዛትና እንጥል ማስቆረጥም አለ፤ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፣ ሌላ ቀን እንመለስበታለን።

ለአያቲቱ ሥራ ስጫቸው። ይህ የሁሉም ቁልፍ ነው። ምጥ ሲገባ ሁለት ደረቅ ጨርቅና ኮፍያ እሳቸው እንዲይዙ አድርጊ። ልጁ ሲወጣ እርጥቡን ጨርቅ ጣይና ሁለተኛውን ከእጃቸው ተቀበዪ። ገላ ለገላ ሲደረግ ነጠላውን የሚያለብሱት እሳቸው ይሁኑ። ባዕድ ሰው የሚያደርገውን ቆሞ የሚያይ ሰው ሲወጣ የራሱን ያደርጋል፤ አብሮ የሠራ ሰው ግን «እኛ እንዲህ አድርገን አዋለድነው» እያለ መንደሩን ያስተምርልሻል።

አሁን ማሞቂያ የለም ስላልሽው። ካንጋሮ፣ ማለትም ልጁን ገላ ለገላ ደረት ላይ አስሮ ማቆየት፣ ማሞቂያ የሌለው ሰው የሚጽናናበት ነገር ብቻ እንዳይመስልሽ። አዎ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ሲጀመር ምክንያቱ የማሞቂያ እጥረት ነበር። ግን በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት አለ። ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ ሕፃናት ላይ ነው። ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ከተወለደ ጀምሮ ደረት ላይ የተደረጉት፣ መጀመሪያ ማሞቂያ ውስጥ ከቆዩት ይልቅ በመጀመሪያው ወር የሞቱት በ25 በመቶ ያነሱ ሆነው ተገኙ። መብራት የማይጠፋበት ማሞቂያ እናት ናት ብለሽ ለኃላፊሽም ንገሪው።

አደራረጉን ታውቂዋለሽ፤ እኔ የምጨምረው ሰው የሚስተውን ነው። ልጁ ከዳይፐር፣ ከኮፍያና ከካልሲ በቀር ራቁቱን ይሁን፤ ብዙዎች ልብስ እንደለበሰ ያስገቡታል፣ ያ አያሞቅም። በሁለቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ፣ እግሩ እንደ እንቁራሪት ተከፍቶ፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ፣ አገጩ ትንሽ ቀና ብሎ። አገጩ ደረቱ ላይ ከተጣጠፈ ትንፋሹ ይዘጋል፣ ይህን ለአያቲቱ ደጋግመሽ አሳያቸው። ነጠላውን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው፣ ከላይ ጋቢ። ሌሊትም ይቀጥላል፤ በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት፣ የሚሻለው ግን 24 ሰዓት ነው። እናት ስትደክም አባት ይቀበላል። የኛ አገር ወንድ ደረቱን ገልጦ ልጅ ያቅፋል ወይ እንዳትይ፤ መጋረጃ ከተጋረደለትና ሌላ ሰው ከሌለ ያቅፋል፣ ካቀፈ በኋላ ደግሞ አልሰጥም የሚሉ አባቶች ነው ያየሁት። እናቶቹም የሚያፍሩት ሰው ስለሚያያቸው ነው እንጂ ስለማይፈልጉ አይደለም። መጋረጃ መግዣ ከሌለ አንሶላ ስቀዪ።

መሳብ ካልቻለ አልበሽ በስኒ ስጪው፣ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቀስቅሰሽ። ጡጦ አይሁን። ከ1.5 ኪሎ በታች የሆነ ወይም ከ32 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ግን የጤና ጣቢያ አቅም አይደለም፤ ሪፈር ነው፣ ወደ ሆስፒታል ይላካል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ለሁላችሁም። የእትብቱን የክሎርሄክሲዲን ቅባትና የዓይኑን ቴትራሳይክሊን አንድ ሳህን ላይ አታስቀምጡ። ቲዩቦቹ ይመሳሰላሉ። ክሎርሄክሲዲን ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፣ ይህ በተለያዩ አገሮች የደረሰ ነገር ነው። ለቤት ስትሰጪም ለሚቀባው ሰው፣ ማለትም ለአያቲቱ፣ በእጃቸው አስይዘሽ የት እንደሚቀባ አሳያቸው።

24 ሰዓት ሳይሞላ እንሂድ ሲሉሽ አትጣዪ። ለምን እንደቸኮሉ ጠይቂ። ቤት የቀሩ ልጆች አሉ፣ ከብት አለ፣ ያመጣቸው ሰው ሊመለስ ነው፤ አንዳንዴ መንገዱ ነገ ይከፈት አይከፈት አይታወቅም። ባልየው ይሂድ፣ አራሷና አያቲቱ ይደሩ ብለሽ ተደራደሪ፤ ብዙ ጊዜ ይሆናል። ካልሆነ ሙቀቱን ለክተሽ፣ ሲጠባ አይተሽ፣ ልጁን ደረት ላይ አስረሽ ስደጃቸው፤ እነሱ ከግቢው ሳይወጡ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ደውዪ። ሦስተኛው ቀን ላይ ልጁን የሚያይ ሰው ስሙ ታውቆ ይለይ። «ትሄዳለች» ብሎ መተው ማንም አልሄደም ማለት ነው።

ሪፈር ሲሆንም ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ለዘመድ አታስይዢ። እናቱ ደረት ላይ ታስሮ ይሂድ፤ እሷ መቀመጥ ካቃታት አያቲቱ ደረት ላይ። ከመነሳታቸው በፊት ጡት ወይም በስኒ የታለበ ይውሰድ፤ ሙቀቱን፣ ኪሎውን፣ የጠባበትን ሰዓት ወረቀቱ ላይ ጻፊ። ለተቀባዩ ሆስፒታል ደውዪ። አምቡላንስ ካልተገኘና በባጃጅ ወይም በቃሬዛ መሄድ ግድ ከሆነም አስተሳሰሩ ያው ነው፤ ከእናት ገላ አይወርድም፣ በመንገድ ላይ አንድ ሰው እየቆመ አገጩንና ትንፋሹን ያያል።