ዓይን ሲዘናጋ ምላሽ ስንት ይዘገያል? ጥያቄና መልስ

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስ ደብረ ብርሃን ውስጥ መንገድ ላይ የሚያስቆሙኝ ተማሪዎች ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ዓይን የሚስብ ነገር ሲኖርና ሳይኖር የሰው ምላሽ ስንት እንደሚፈጅ ለካሁ፤ አሁን ቁጥሩን ምን ላድርገው?» እኔ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ እንጂ የዓይን ሐኪም አይደለሁም። ስለ መነጽርና ስለ ዓይን ሕመም የጠየቃችሁኝን ስላለፍኩ ቅር አይበላችሁ። የቀረውን እንደ አመጣጡ ልመልስ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)፦ መምህር፣ 20 ተማሪዎችን በላፕቶፕ ፈተንኩ። አረንጓዴ ክብ ሲመጣ ቁልፍ ይጫናሉ፤ አንዴ ያለ ምንም፣ አንዴ ከጎን ቪዲዮ እየታየ። እያንዳንዱ በየሁኔታው 40 ጊዜ ተጫነ። ጓደኛዬ «ኢንዲፔንደንት ቲ-ቴስት ተጠቀም» ይለኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቲ-ቴስት የሁለት አማካዮች ልዩነት ከአጋጣሚ ያለፈ መሆኑን ይፈትናል፤ ኢንዲፔንደንት የሚባለው ለሁለት የተለያዩ ቡድኖች ነው። አንተ ጋ በሁለቱም ሁኔታ የተፈተኑት ያው ልጆች ስለሆኑ የሚያስፈልግህ የጥንድ ቲ-ቴስት ነው፤ ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ «ፔርድ ሳምፕልስ» የሚለው። ሰው ከሰው በጣም ይለያያል። አንዱ በ220 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) ሲጫን ሌላው 310 ይፈጅበታል፤ ቪዲዮው የሚጨምረው መዘግየት ግን 30 ወይም 40 ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ዙር የተለያዩ ሰዎች እንደሠሯቸው አድርገህ ካነጻጸርክ ይህች ትንሽ ለውጥ በሰዎቹ መካከል ባለው ሰፊ ልዩነት ትዋጣለች። የእያንዳንዱን ልጅ ውጤት ከራሱ ቀንስ። 20 ልዩነቶች ታገኛለህ፤ ፈተናው የሚሠራው በእነሱ ላይ ነው። ቲ-ቴስትን በ1908 ያወጣው ዊልያም ጎሴት የዱብሊኑ ጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በዚያው ጽሑፉ ከሠራቸው ምሳሌዎች አንዱም እንዲሁ የጥንድ ነበር፦ ያው 10 ሕሙማን ሁለት ዓይነት መድኃኒት ወስደው ስንት ተጨማሪ ሰዓት እንደተኙ።

አሁን ልቆጣህ ነው። «40 ሙከራ በ20 ልጅ 800 ነው» ብለህ 800 መስመር ዳታ ለቲ-ቴስት እንዳታቀርብ። አንድ ልጅ 40 ጊዜ ስለተጫነ 40 ሰው አይሆንም። ናሙናህ 20 ነው። 800 ብለህ ከሠራህ ፒ-ቫልዩው (ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድል) በውሸት ያንስልሃል፣ አንተም ባልተገኘ ነገር ትደሰታለህ። 800ውንም መጠቀም ካማረህ የአንድ ሰው ሙከራዎች እርስ በርስ እንደሚመሳሰሉ ከግምት የሚያስገባውን፣ ሚክስድ ሞዴል የሚባለውን ስሌት ተማር፤ አር በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ይሠራል።

ጥያቄ (ያው ተማሪ)፦ ሁሉንም መጀመሪያ ያለ ቪዲዮ፣ ቀጥሎ በቪዲዮ ነው የፈተንኳቸው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ሰው በሁለተኛው ዙር ለምዶ ይፈጥናል፣ አለዚያም ደክሞት ይዘገያል። የቪዲዮውን ውጤት ከልምዱና ከድካሙ የሚለይልህ ስሌት የለም። ግማሹ በቪዲዮ፣ ግማሹ ያለ ቪዲዮ መጀመር ነበረበት፤ ማን በምን እንደሚጀምር ዕጣ ይወስናል። ከዋናው በፊትም የማይቆጠር መለማመጃ ስጣቸው። ደብረ ብርሃን ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብርድ ያደነዘዘው ጣት ቁልፍ ሲጫን ይዘገያል። አንዱን ሁኔታ በጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት ከፈተንክ የለካኸው ውርጩን ሊሆን ይችላል። ጊዜ ካለህ ድገመው። ከሌለህ ቅደም ተከተሉን ሳትደብቅ ጽሑፉ ላይ አስፍር።

ጥያቄ (የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ሲና)፦ እኛ ጋ ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒውተር አይደርስም። በማስመሪያ መለካት ይቻላል ሲባል ሰማሁ።

መልስ፦ በደንብ ይቻላል፣ ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜም ይመቻል። አንዱ ተማሪ ማስመሪያውን በላይኛው ጫፍ አንጠልጥሎ ይይዛል። ሌላው ጣቶቹን ዜሮው አጠገብ ከፍቶ ይጠብቅና ሲለቀቅ ይይዘዋል። የወደቀበት ርቀት ጊዜውን ይሰጣል፦ ርቀቱን በሜትር በ2 አባዝተህ ለ9.81 ታካፍልና ስኩዌር ሩቱን ትወስዳለህ። 15 ሴንቲሜትር 175 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ 20 ሴንቲሜትር 202፣ 25 ደግሞ 226። መጀመሪያ እያንዳንዱን ወደ ጊዜ ለውጥ፣ ከዚያ አማካይ አውጣ። የሴንቲሜትሩን አማካይ አውጥተህ ኋላ ብትለውጠው ስኩዌር ሩቱ ያዛባብሃል። ለማዘናጊያ ከያዡ ጎን ሌላ ተማሪ ባለ ቀለም ካርዶች እያገላበጠ ያሳይ። የሚለቀው ልጅ የሚጠብቅበት ጊዜ አንዴ ይርዘም፣ አንዴ ይጠር፤ ከለመዱት ቀድመው ይይዙታል።

ትልቁ ወጥመድ ግን የማስመሪያው ርዝመት ነው። የተለመደችው ባለ 30 ሴንቲሜትር ማስመሪያ በ247 ሚሊሰከንድ ከጣት ታልፋለች። የተዘናጋው ልጅ ያመልጠዋል፣ መዝጋቢውም «አልተያዘም፣ ድገም» ይላል። በዚህ ዓይነት የጠፉት ሙከራዎች እናንተ የፈለጋችኋቸው ናቸው! የቀሩትን ስትደምሩ መዘናጋት ምንም አያዘገይም የሚል ውጤት ይወጣል። የአንድ ሜትር እንጨት ተጠቀሙ፤ እስከ 450 ሚሊሰከንድ ገደማ ይለካል። ያመለጠውንም ከቁጥር አታስወጡ። ስንቱ እንዳመለጠ ይጻፍ፣ አማካዩ ቀርቶ ሚዲያኑ (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው) ይወሰድ። ያመለጡት ከግማሽ በታች እስከሆኑ ድረስ ሚዲያኑ አይናጋም።

ጥያቄ (የማስተርስ ተማሪ)፦ አማካሪዬ ከአማካዩ በ2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የቁጥሮቹ መበታተን መለኪያ) የራቀውን ሁሉ አውጥተሽ ጣዪ አለኝ። ስጥለው ልዩነቱ ጠፋ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከመጡት ሁሉ ይህን ወደድኩት፣ ስለዚህ ላስረዝም።

አሥር ምላሽ ያለው አንድ ሰው እንውሰድ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ የፈጠርኩት ነው። ያለ ማዘናጊያ፦ 240፣ 250፣ 255፣ 260፣ 260፣ 265፣ 270፣ 275፣ 280፣ 285። አማካዩ 264 ነው። ማዘናጊያ ሲመጣ ዘጠኙ ሳይለወጡ የመጨረሻው ብቻ 900 ሆነ እንበል። አማካዩ ወደ 325.5 ዘለለ፣ ሚዲያኑ ግን በሁለቱም 262.5 ነው። «ሰውየው በ61.5 ሚሊሰከንድ ዘገየ» ብትዪ ትክክል አይደለም፤ ዘጠኝ ጊዜ ቅንጣት አልዘገየም። «አልዘገየም» ብትዪም ትክክል አይደለም፤ አንዴ ጨርሶ ጠፍቷል። 900ውን «ያፈነገጠ» ብለሽ ስትጥዪ የጣልሽው መዘናጋቱን ራሱን ነው።

የምላሽ ጊዜ በተፈጥሮው ወደ ቀኝ የተጎተተ ጅራት አለው። ወደ ታች የሰው ነርቭ ወሰን ያቆመዋል፣ ወደ ላይ ግን የሚያቆመው የለም። ዓይን የሚስብ ነገር ብዙ ጊዜ የሚያረዝመው ይህን ጅራት ነው፤ መሐሉን የሚገፋው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ አማካሪሽን ሳታስቀይሚ እንዲህ አድርጊ። ከ100 ሚሊሰከንድ በታች ያለውን ጣዪ፤ ያ ምልክቱን አይቶ የተጫነ ሳይሆን ገምቶ የቀደመ ነው። በሩጫም ከተኩሱ በኋላ 100 ሚሊሰከንድ ሳይሞላ የተንቀሳቀሰ ሯጭ ያለ ጊዜው እንደተነሳ ይቆጠራል። ላይኛውን ግን የምትጥዪበት ምክንያት ይኑርሽ፦ ስልክ ተደወለ፣ መብራት ጠፋ፣ ልጁ አስነጠሰ። ከዚያ ሦስት ነገር ለየብቻ አቅርቢ፦ ሚዲያኑን፣ 90ኛውን ፐርሰንታይል (ከመቶ 90ው ምላሾች የማያልፉትን ቁጥር)፣ ከ500 በላይ የሆኑትን ምላሾች ድርሻ። ሦስቱንም በየሰው አውጥተሽ በጥንድ አወዳድሪ፤ ልዩነቶቹ ኖርማል (መሐል ላይ የተከማቹ፣ ግራና ቀኛቸው የተመጣጠነ) ካልመሰሉሽ በቁጥሮቹ ደረጃ የሚሠራውን የዊልኮክሰንን ፈተና ተጠቀሚ። የመጣያ ደንብሽንም ውጤቱን ከማየትሽ በፊት ወስኚ። በሎጋሪዝም መለወጥም ይረዳል፣ ግን ጅራቱን ስለሚያሳጥረው እዚህ ላይ ብቻውን አልወደውም። ሂስቶግራሙን (የቁጥሮቹን ሥርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ሳያዩ ፈተና የሚመርጡ ሰዎች ለምን እንደሚቸኩሉ አይገባኝም።

ጥያቄ (ሹፌር፣ የደሴ መስመር)፦ ጋሼ፣ ልዩነቱ በሚሊሰከንድ ከሆነ ታዲያ ስልክ አየት ማድረግ ምን ያመጣል? እኔ ጣርማበርን ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሰዓት 60 ኪሎሜትር ስትነዳ በሰከንድ 16.7 ሜትር ትሄዳለህ። 100 ሚሊሰከንድ ብትዘገይ 1.7 ሜትር ነው፣ ፍሬን ሳትነካ። ይህ ግን ዓይንህ መንገዱ ላይ ሆኖ ሐሳብህ ሲሰረቅ ያለው ሂሳብ ነው። ስልኩን ካየህ ዓይንህ መንገዱ ላይ የለም፤ ሁለት ሰከንድ ማለት 33 ሜትር ሳታይ መንዳት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ100 መኪኖች ላይ ካሜራ ገጥመው ሹፌሮችን በተከታተሉበት ጥናት፣ ዓይንን ከመንገድ ላይ በድምሩ ከሁለት ሰከንድ በላይ ማንሳት የአደጋንና ለጥቂት የማምለጥን ዕድል ቢያንስ በእጥፍ ጨምሮ ተገኝቷል፤ ትንተናው የወጣው በ2006 ነው። ጣርማበር ላይ ጭጋጉ ሲወርድ 33 ሜትር ፊትህ ላይታይህ ይችላል። ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርድ ደግሞ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ይረዝማል። ስንት ዓመት ተመላለስክ የሚለው እዚህ ብዙ አይረዳህም፤ ልምድ መንገዱን ያሳውቅሃል እንጂ ስልክ ላይ ያለን ዓይን አይመልስልህም።

ጥያቄ፦ ፒ-ቫልዩዬ 0.06 ሆነ። አምስት ሰው ብጨምር ከተለመደው የ0.05 ወሰን በታች ይገባልኛል?

መልስ፦ ሊገባ ይችላል፣ ግን እስኪገባ ድረስ ሰው መጨመር ማጭበርበር ነው። ልዩነቱ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሆነና የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን (እውነተኛው ልዩነት ይገኝበታል የሚባለውን ክልል) ጽፈህ አስረክብ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስንት ሰው ይበቃል?

መልስ፦ ከመጀመርህ በፊት አስላ። የልዩነቶቹ አማካይ የስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸውን ግማሽ ያህላል ብለህ ከጠበቅህ፣ በ80 በመቶ ፓወር (ልዩነቱ ካለ የማግኘት ዕድል) እና በ0.05 የፒ-ቫልዩ ወሰን ለጥንድ ፈተና 34 ሰው ይበቃል። የተለያዩ ሁለት ቡድኖች ቢሆኑና በመካከላቸው የሚጠበቀው ልዩነት የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ግማሽ ቢያክል ለእያንዳንዱ ቡድን 64 ያስፈልግሃል። በጥንዱ የምትጠብቀው ልዩነት አንድ አምስተኛ ብቻ ከሆነ ወደ 200 ሰው ይጠጋል፤ ለባችለር ጽሑፍ አልመክርህም።

ጥያቄ (እናት፣ ሸዋ ሮቢት)፦ ልጄ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ነው የሚያጠናው። ይህ ጥናት እንደሚጎዳው ያሳያል?

መልስ፦ እህቴ፣ በቀጥታ አያሳይም። እኛ የምንለካው ምልክት አይቶ ቁልፍ መጫንን ነው፤ ትምህርት መያዝ ሌላ መለኪያ ይፈልጋል። እኔ ብሆን ግን ቴሌቪዥኑን እዘጋው ነበር።

ጥያቄ፦ በስልክ መተግበሪያ ብለካ ይታመናል?

መልስ፦ 60 ኸርዝ የሆነ ስክሪን ምስሉን የሚያድሰው በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ነው፤ ንክኪውን ለመቀበልም የራሱ መዘግየት አለው። ስለዚህ «የልጆቹ ምላሽ ይህን ያህል ነው» ብለህ አትጻፍ። ሁለቱንም ሁኔታ በያው ስልክ ከለካህ ግን ቋሚው መዘግየት ሲቀናነስ ይጠፋል። ስልክ መሐል ላይ አትቀይር።

ጥያቄ፦ ሦስት ሁኔታ አለኝ፦ ባዶ፣ የቆመ ሥዕል፣ የሚንቀሳቀስ ቪዲዮ። ቲ-ቴስት ሦስት ጊዜ ልሥራ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሪፒትድ ሜዠርስ አኖቫ ሥራ፤ ያው ሰዎች የተፈተኑባቸውን ከሁለት በላይ ሁኔታዎች በአንዴ ያወዳድራል። ስፌሪሲቲ የሚባለው ቅድመ ሁኔታ (በየጥንዱ ያሉት ልዩነቶች መበታተን እኩል መሆን) ካልተሟላ የግሪንሃውስ-ጋይሰርን እርማት ያለበትን መስመር አንብብ፤ ኤስፒኤስኤስ ራሱ ያወጣልሃል። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ስታወዳድር፣ ሦስት ጊዜ ስለምትፈትን፣ 0.05ን ለ3 አካፍለው።

ጥያቄ፦ አንዳንዶቹ ቪዲዮ ሲኖር ይበልጥ ፈጠኑ። ዳታው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ የስህተታቸውን ብዛት ተመልከት። ቀይ ክብ ሲመጣ አትጫኑ ብለህ ከነበረ፣ የፈጠኑት ቀይም ላይ የሚጫኑ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ትክክለኛነትን ሰጥተው ፍጥነት ገዝተዋል። ቀይ ክብ ካላስገባህ ይህን የምታውቅበት መንገድ የለህም፤ የሚቀጥለው ዙር ላይ ከአምስት አንዱን ቀይ አድርገው።