አይዞሽ ያለሽን ሰው ማንኪያ አስይዢው

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ ግን የራሴን ይዤ መጣሁ።

አምስት ዓመት ከአራት ወር የሆነው ልጅ አለኝ። ሲወለድ ቶሎ አላለቀሰም። ሰማያዊ ሆኖ ስለነበር በኦክስጅን ቆየ። ስድስት ወሩ ሞልቶ አንገቱ አልጸና ሲል ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። «ሰነፍ ልጅ ነው፣ ይደርሳል» አሉኝ። ሴሬብራል ፓልሲ (አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) መሆኑ የተነገረኝ በዓመት ከስምንት ወሩ ነው። አይቀመጥም፣ አይናገርም። ግን ይሰማል፣ ይስቃል፣ ስሙን ሲጠሩት ዞር ይላል። የሚጥል በሽታም ስላለበት ሽሮፕ ይወስዳል።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ተከራይተን ነው። ሊፍት የለም። ልጁ 15 ኪሎ ደርሷል። ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሁለቴ እወስደው ነበር። ወገቤን ሲያመኝ አንዴ ሆነ። አሁን ካቆምን ሁለት ወር አለፈን። ሥራዬን ከለቀቅኩ አራት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል፣ የሚገባው ማታ ሦስት ሰዓት ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ልጁን አቅፎት አያውቅም ማለት ይቻላል። «ከያዝኩት የሚሰበር ይመስለኛል» ይላል።

አማቴ «ጠበል ውሰጂው፣ ሽሮፑን አቁሚ» ይሉኛል። ጎረቤቱ ሁሉ «አይዞሽ» ይለኛል። ቃሉን መስማት ራሱ አስጠላኝ። ባለፈው ሳምንት ሳበላው ትን ብሎት ሲያስል ጮህኩበት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እባክዎን ይንገሩኝ፣ ልጄ በእግሩ ይሄዳል? ካልሄደስ ጠዋት ጠዋት ምን ተስፋ አድርጌ ልነሳ?

እናት ነኝ፣ ከጀሞ

መልስ፦

የኔ እናት፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድብሽም። በአምስት ዓመቱ ብቻውን ያልተቀመጠ ልጅ በእግሩ የመሄድ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። እኔ ልጅሽን አላየሁትም። ያየውን ሐኪም ፊት ለፊት ጠይቂው። «ይሄዳል ወይስ አይሄድም?» በዪው። ካልጠየቅሻቸው ብዙዎቹ አይነግሩሽም። እንዳይከፋሽ ብለው ነው።

እኔም እንዳይከፋኝ ተብሎ ሳይነገረኝ ኖሬያለሁ። ልጄ አሁን 26 ዓመቷ ነው፣ ሕመሟም የልጅሽ ዓይነት ነው። «ትንሽ ጠብቂ» አሉኝ፤ ጠበቅኩ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ጫማ እገዛላት ነበር። ሰባት ጥንድ ጫማ። ሁሉም ሶላቸው አፈር ሳይነካ ጠበቧት። ሰባተኛውን ለጎረቤት ልጅ የሰጠሁ ቀን በር ዘግቼ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። በማግስቱ አናጢ ጠርቼ በልኳ ወንበር አሠራሁላት። እስከዚያ ድረስ ልጄ የራሷ ወንበር አልነበራትም። ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ ነዋ! ለምትሄድ ልጅ ወንበር ምን ያደርግላታል?

ስለዚህ መጀመሪያ ወንበር። ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ በደንብ ታጥፈው፣ እግሩ ሳይንጠለጠል የሚቀመጥበት ወንበር። ልኩን ፊዚዮቴራፒስቷ ትወስድልሽ። አናጢ ከተወደደብሽ በካርቶንም ይሠራል። ካርቶን በዱቄት ሙጫ እየደራረቡ መሥራት ዚምባብዌ የተጀመረ ዘዴ ነው፣ በሌሎች አገሮችም ይሠሩበታል። ወፍራም ካርቶን፣ የተቀዳደደ ጋዜጣ፣ የዱቄት ሙጫ፤ በቃ። በደንብ ከደረቀ እንደ ጣውላ ይጠነክራል። በክረምት ግን አትሞክሪው፣ ሳይደርቅ ይሻግትብሻል። መናገሻ ያለው የቼሻየር ማዕከልም ለእንዲህ ያሉ ልጆች የአካል ድጋፍ መሣሪያና ፊዚዮቴራፒ በመስጠት የቆየ ነው። ጠይቂያቸው።

ፊዚዮቴራፒውንም ቀጥዪ። ምክንያቱን ግን ቀይሪው። አእምሮው ላይ የደረሰው ጉዳት ራሱ እየባሰ አይሄድም። ሰውነቱ ግን ካልተንቀሳቀሰ ይብስበታል። ጡንቻው ያጥራል፣ ዳሌው ሊወልቅ ይችላል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ ከዚያ ልብስ ማልበስ ራሱ ያሳምመዋል። የምትወስጂው እንዲሄድ ብለሽ ከሆነ በየሳምንቱ ተሸንፈሽ ትመለሻለሽ። ሳያመው እንዲቀመጥ ብለሽ ከሆነ ግን ለውጡን በዓይንሽ ታዪዋለሽ። በሳምንት ሁለቴ ካልቻልሽ በወር አንዴ ሂጂና የቤቱን እንቅስቃሴ አስተምሩኝ በያቸው። ደፍረሽ ጠይቂ።

ትን አለው ያልሽው አስደንግጦኛል። ብዙዎቻችን ልጁን ጭናችን ላይ አጋድመን፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥለን ነው የምናበላው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ልጄን በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ የሳንባ ምች ይዟት ነበር። ብርድ መስሎኝ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ እደራርብባታለሁ። ለካ አጥሚቱ ነው ወደ ሳንባዋ የሚገባው! ስለዚህ ቀና አድርገሽ አስቀምጪው፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ ይበል። አንቺም ዝቅ ብለሽ ፊት ለፊቱ ተቀመጪ። ቆመሽ ካበላሽው አንቺን ለማየት አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል። ማንኪያዋ ትንሽ ትሁን። ብዙ ጊዜ ወፈር ያለ አጥሚት ከቀጭኑ ይሻላል። የጎረሰውን መዋጡን ሳታዪ ሌላ አታጉርሺው። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አታስተኚው። እንደዚህም ሆኖ ትን ማለቱ ከቀጠለ፣ ወይም ትኩሳት ቶሎ ቶሎ የሚመላለስበት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው።

ስለ ጩኸቱ። እኔ የጮህኩበትን ቀን ሁሉ ልጻፍ ብል መጽሔቱ አይበቃኝም። ልጁ ይረሳዋል ብዬ አልዋሽሽም። ግን ከሽንት ቤት ወጥተሽ ምን እንዳደረግሽ አልጻፍሽልኝም። ልገምት? ፊቱን ጠርገሽ የተረፈውን አበላሽው። እንደዚያ ከሆነ እኔና አንቺ አንድ ነን። እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ወይም «ምነው ባልነቃሁ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን የድካም ብቻ አይደለም። እሱም ሕክምና አለው፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ልክ እንደነገርሽኝ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጁን ማብላት የሚችል ሌላ ሰው ፈለግኩ፣ አጣሁ። አንቺ ብቻ ነሽ።

ልጄ ስምንት ዓመቷ እያለ እሷን ታቅፌ ደረጃ ላይ ወደቅኩ። እሷ አልተነካችም፣ የኔ ቁርጭምጭሚት ግን ተሰበረ። ስድስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ ገባሁ። ከኔ በቀር የሚያበላት አንድም ሰው እንደሌለ ያኔ ነው የገባኝ። ታናሽ ወንድሜ መጣ። 19 ዓመቱ ነው፣ ሥራ የለውም፣ ነጋ ጠባ ኳስ ነው። እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ «ቀና አድርጋት! ኧረ ቀስ በል!» እያልኩ እጮኻለሁ። የመጀመሪያው ቀን የገንፎው ግማሽ ሸሚዙ ላይ ቀረ። በሳምንቱ «አንቺ ዝም በይ፣ እኛ እንተዋወቃለን» አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት እሱ ሲያበላት ከኔ ጋር ስቃ የማታውቀውን ሳቅ ትስቃለች። የኳስ ኮሜንታተር ሆኖ ነዋ የሚያበላት! «ኳሷን ይዞ እየገሰገሰ ነው፣ ተከላካዩን አለፈ፣ በሩ ተከፈተ… ጎል!» እስከ ዛሬ ድረስ ቴሌቪዥን ላይ ኮሜንታተር ስትሰማ ልጄ አፏን ትከፍታለች።

ጀሶዬ ተፈቶ እግሬ ሲጸና ብቻዬን መርካቶ ሄድኩ። በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። የገዛሁት ነገር እንኳን የለም። ዞሬ ዞሬ ሻይ ጠጥቼ መጣሁ። ምን ተስፋ አድርጌ ልነሳ ላልሽው፣ የኔ ተስፋ የጀመረው እዚያ ሻይ ቤት ነው። ልጄ ስለተሻላት አልነበረም። እኔ ብታመም ጦሟን እንደማታድር ስላወቅኩ ነው።

ስለዚህ ባልሽን አስተምሪው። «የሚሰበር ይመስለኛል» ማለቱ ፍርሃት ነው፣ ጥላቻ አይደለም። ሜክሲኮ አደባባይ በሥራ መውጫ ሰዓት ሚኒባስ የሚያሾልክ ሰው ማንኪያ አያቅተውም። እሑድ ምሳ የሱ ይሁን። ሁለት እሑድ አጠገቡ ተቀመጪ። በሦስተኛው ወጥተሽ ሂጂ። ቤተ ክርስቲያን ቆዪ፣ ወይ ፀጉርሽን ተሠሪ፣ የትም ሂጂ። ሲያበላም እጁን እየያዝሽ አታርሚው። ከሁሉ የሚከብድሽ ይኸኛው ነው። እኔ ዛሬም አልተዋጣልኝም።

ጎረቤቶችሽንም አትተያቸው። «አይዞሽ» የሚሉሽ ሌላ የሚሉት ስለጠፋባቸው ነው። ልጁን እንዴት እንደሚይዙት አያውቁም፣ አንቺም አላሳየሻቸውም። ቡናው አንድ ቀን አንቺ ቤት ይፈላ። አቦል ላይ ወሬ ይሁን። ቶና ላይ አንዷን «እስኪ ያዢልኝ» ብለሽ ልጁን አስታቅፊያት። ሲቀጥል ማንኪያውን አስይዣት። ሁሉም እሺ አይሉም፤ ግን ካሉት መሃል አንዷ ትበቃሻለች።

እድርተኛ ከሆንሽ እዚያም ተናገሪ። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳንና ድስት ይዞ ከተፍ ይላል። በሕይወት ላለ ልጅ በቀጠሮው ቀን ደረጃ የሚያወጣና የሚያወርድ አንድ ጎረምሳ መመደብ ያቅተዋል? (ይህን ነገር እኛ እድር ሳነሳው ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። በኋላ መደቡልኝ።) ምድር ላይ የተከራየ ሰው ቤት እንዲለዋወጥሽም ጠይቂ። ስታነሺው ከወገብሽ አትጎንበሺ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ ደረትሽ ላይ አስጠግተሽ አንሺው። 15 ኪሎው ነገ 20 ነው።

አማትሽን በጠበሉ አትጣያቸው፤ ጸሎታቸውም እጅ ነው። ሽሮፑ ግን አይቆምም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፣ ሕይወትም ያሳጣል። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ይህን ንገሪያቸው። ከኔም ካንቺም ይልቅ ፓትርያርኩን ይሰማሉ። ከዚያ ጠበሉን አብራችሁ ውሰዱት፣ እሳቸውም ይዘሉልሽ።

ጥያቄ፦

የሦስት ዓመት ሴት ልጃችን ዳውን ሲንድረም አለባት። እኔ ማገዝ እፈልጋለሁ። ግን ዳይፐር ልቀይር ስል ሚስቴ ትነጥቀኛለች። ገላዋን ሳጥባት «ውሃው ቀዘቀዘ» ትላለች። ሳበላት «በዛ» ትላለች። በመጨረሻ ተውኩት። አሁን ደግሞ «አታግዘኝም» እያለች ታኮርፋለች። ምን ላድርግ?

አባት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ሚስትህ ገብታኛለች። እኔም ነጣቂ ነበርኩ። ለሦስት ዓመት ብቻህን የሠራኸውን ሥራ ሰው ሲነካብህ ደስ አይልም። አንተ ግን መተው አልነበረብህም።

«ላግዝሽ» ማለቱን ተወው። ረዳት ሁልጊዜ አለቃ አለው። አንድ ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሰድ። የቅዳሜ ገላ መታጠብ ያንተ ይሁን። ውሃውን አንተ አሙቅ፣ በክርንህ ነክተህ ለካው፣ ፎጣውን አዘጋጅ፣ ቅባቷን ቀባት፣ ልብሷን አልብሳት። የቀጠሮ ካርዷንም አንተ ያዘው። እንደሷ ያሉ ልጆች የልባቸውና የታይሮይድ እጢያቸው ምርመራ ክትትል ይፈልጋል፣ ቀኑ እንዳያመልጥ ኃላፊው አንተ ሁን።

ቅዳሜ ለት ሚስትህን ገበያ ላካት። እንቢ ካለች የምትሄድበት ዘመድ አይጠፋም። ስትመለስ የልጅቷ ሹራብ ተገልብጦ ይሆናል። ተገልብጦ ይዋል።