ፍሬዛል ቨርብ በቃል ተይዞ ጆሮ ላይ ለምን ይጠፋል?

ፍሬዛል ቨርብ ግስና አጭር ቃል ተጣምረው እንደ አንድ ግስ የሚያገለግሉበት የእንግሊዝኛ አነጋገር ነው። አንተ ቱሪስት አስጎብኚው የጠየቅከው «የፍሬዛል ቨርብ ዝርዝር በቃሌ ይዣለሁ፤ ጀልባ ላይ እንግዶቹ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን አንዱም አይያዝልኝም» ብለህ ነው። ወንድሜ፣ ችግሩ የማስታወስ አይደለም። ዝርዝሩ ሁለቱን ቃላት አጣብቆ ያስጠናሃል፤ እንግዳው ደግሞ መሃላቸው ሌላ ቃል ጨምሮ፣ አዋህዶ ነው የሚናገረው።

«ቴክ ኦፍ»ን ውሰድ፤ ዝርዝሩ ላይ «አወለቀ» ነው። ጣና ሐይቅ ላይ፣ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በር ስትደርሱ «ቴክ ኦፍ ዩር ሹስ» ብትልም «ቴክ ዩር ሹስ ኦፍ» ብትልም ልክ ነህ። ጫማውን በተውላጠ ስም ከተካኸው ግን ቦታው መሃል ብቻ ነው፦ «ቴክ ዜም ኦፍ»። «ቴክ ኦፍ ዜም» አይባልም። «ቴክ ኢት ኦፍ» ሲፈጥን «ቴኪቶፍ» ይሆናል፤ ድምፁ የሚጠብቀውም «ኦፍ» ላይ ነው። ጆሮህ «ቴክ»ን ብቻ ከያዘ «ወሰደ» መስሎህ ታልፈዋለህ። ተሳቢ ከሌለው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ አውሮፕላን «ቴክስ ኦፍ» ሲባል ተነሣ ማለት ነው።

ሁሉም ግን አይከፈልም። «ሉክ አፍተር»፣ ማለትም ጠበቀ ወይም ተንከባከበ፣ «ሉክ አፍተር ኢት» እንጂ «ሉክ ኢት አፍተር» አይሆንም። ስለዚህ ደብተርህ ላይ እያንዳንዱን ግስ፣ «ኢት»ን በቦታው አስገብተህ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፈው።

«አፕ» መጨረስን ያሳያል የሚለውን ሕግ ብዙ አትመነው። «ድሪንክ አፕ»፣ ጠጥቶ ጨረሰ፣ ላይ ይሠራል፤ «ሾው አፕ»፣ መጣ ሲሆን፣ የለበትም። በእኛም «ብድግ አለ» ስንል ማንም ምንም አላለም።

ገንዘብ የሚያስከፍለው ስህተት ይኸኛው ነው፦ «ፑት ኦፍ» ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ፣ «ኮል ኦፍ» ሰረዘ። ሐይቁ ተናውጦ ጉዞውን ለነገ ጠዋት ልታደርገው ፈልገህ «ዊ ኮልድ ኢት ኦፍ» ካልክ፣ እንግዳው ጉዞው ቀረ ብሎ ገንዘቡን ይጠይቅሃል። «ዊ ፑት ኢት ኦፍ አንቲል ቱሞሮው» በል።

መሳፈርና መውረድ ላይ፣ ቆመህ የምትራመድበት ትልቅ ጀልባና አውቶቡስ «ጌት ኦን»፣ መውረዱ «ጌት ኦፍ» ነው። ታንኳ፣ ባጃጅና የቤት መኪና «ጌት ኢን»፣ መውረዱ «ጌት አውት ኦፍ»።

«ፒክ አስ አፕ አት ሰቨን» ካሉህ ደግሞ ከሆቴላቸው መጥተህ ውሰደን ነው፤ ሲፈጥን «ፒካሳፕ» ይመስላል። ሰቨኑ የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ በእኛ 1 ሰዓት ነው፤ ጠዋት ይሁን ማታ አስቀድመህ ጠይቅ።